ጆሮ የገዛው ወዳጄ

ምክር የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ምክር የቸገረው እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ልቡን ከቆረጠ፣ ገንዘቡን ከከፈለ፣ ዕቃውም መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው «የትኛው ይሻላል ትላለህ?» ብሎ የሚደውለው። ሌላ ብትሉት ያኮርፋል። የገዛውን ብትሉት «እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። የተፈለጋችሁት ለምስክርነት ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ይህን አመል አሳምረን ይዘነዋል። መኪና የምንገዛው እንዲህ ነው፤ ቤት የምንገዛውም እንዲሁ። አንድ ዘመዴማ የሠርጉ አዳራሽ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ «ይቺ ልጅ ትሆነኛለች ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ትሆንሃለች አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

በቀደም የደወለው ወዳጄ ግን ጥያቄው ለየት አለብኝ።

«ስካነር ልገዛ አስቤ ነበር፤ የትኛው ይሻላል?»

«ስልክህ ወረቀት ያነሳ የለም እንዴ?» አልኩት።

«የወረቀቱን አይደለም የምልህ። የሬዲዮ ሞገድ የሚያስሰውን ነው።»

እዚህ ላይ ወዳጄን ላስተዋውቃችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ያነበበው ቀን ይጣላኛል። በሳምንት አምስት ሌሊት ሆቴል ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አውሮፕላን ያበርራል። አትደንግጡ፣ የሪሞት አውሮፕላን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ፈረንጆች ቤታቸውን ሲያጸዱ ግቢያቸው ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ኮተት መሐል ነው። ክንፉ የልጅ ቁመት የሚያህል የእንጨት አውሮፕላን ከነሪሞቱ በ40 ዶላር አገኘ። ሪሞቱ አሮጌ የፉታባ ሥሪት ነው፤ አንቴናው ሲዘረጋ የሰው ዓይን ያወጣል። «ልጅነቴን በ40 ዶላር ሸጡልኝ» ይላል እስከ ዛሬ። እውነቱን ነው። እኛ ልጆች ሳለን መኪናችን የሰርዲን ቆርቆሮ ነበር፤ ሪሞት ኮንትሮሉም ከኋላ የምንገፋበት ረጅም ሽቦ። ያ ሽቦ ባትሪ አይጨርስም፤ ከጎረቤት ልጅ ሽቦ ጋርም ሞገድ አይጋጭም።

ወዳጄ ያገኘው ግን አሮጌ ዕቃ ነው። አሮጌ ዕቃ ደግሞ አሮጌ ሕግ አለው።

በአሜሪካ የድሮዎቹ የአውሮፕላን ሪሞቶች የሚሠሩት 72 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ለሰማይ የተፈቀዱት ቻናሎች 50 ናቸው፤ ከ11 ይጀምሩና 60 ላይ ያበቃሉ። ቻናል 11 ማለት 72.010፣ ቻናል 60 ማለት 72.990 ሜጋኸርዝ ነው፤ አንዱ ከጎረቤቱ የሚርቀው 20 ኪሎኸርዝ ብቻ። ለመኪናና ለጀልባ 75 ሜጋኸርዝ ላይ ሌላ 30 ቻናል ተለይቷል። የምድር ለምድር፣ የሰማይ ለሰማይ፤ በመኪና ሪሞት አውሮፕላን ማብረር ክልክል ነው።

የወዳጄ ቻናል 38 ነው፤ 72.550። እዚያው ሜዳ ላይ ሌላ ሰው በ38 ሪሞቱን ቢከፍት አውሮፕላኑ ሁለት ጌታ ያገኛል። ሁለት ጌታ ያለው አውሮፕላን ለአንዱም አይታዘዝም፤ ይወድቃል። ከነሞተሩ ሁለት ኪሎ የሚሆን ነገር ከሰማይ ወርዶ የሰው ራስ ላይ ቢያርፍ ጨዋታው ያኔውኑ ፍርድ ቤት ይገባል።

ስለዚህ ሪሞት ከመክፈት በፊት ቻናሉ መያዝ አለመያዙን ማወቅ ግድ ነው። ስካነሩ የተፈለገው ለዚህ ነው፤ ቻናሎቹን በየተራ እያዳመጠ «38 ላይ ሰው አለ» ወይም «የለም» እንዲል።

ጥሩ። ግን ይህን የሚናገር መሣሪያ ሜዳው ላይ ድሮም ነበር። ዋጋው የአንድ ማኪያቶ ሩብ አይሞላም። የልብስ መቆንጠጫ ነው።

አልቀለድኩም። የአብራሪዎቹ ክለቦች ሜዳቸው ዳር ሰሌዳ ያቆማሉ፤ ሰሌዳው ላይ የየቻናሉ ቁጥር የተጻፈበት መቆንጠጫ ተደርድሯል። የቻናልህን መቆንጠጫ ታነሳና አንቴናህ ላይ ትሰካለህ። መቆንጠጫ ያልያዘ ሰው ሪሞት አይከፍትም። አንዳንዱ ክለብ ገልብጦ ይሠራበታል፤ ስምህ ያለበትን መቆንጠጫ ይዘህ መጥተህ ቁጥሩ ላይ ትሰካለህ። ከዚያ በፊት ደግሞ በ27 ሜጋኸርዝ ዘመን ቻናሉ ስድስት ብቻ ስለነበር ጨርቅ ይበቃ ነበር፤ ቡኒ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። አንቴናህ ላይ የቀለምህን ባንዲራ ታስራለህ፤ ሁለት ቀይ ባንዲራ ከታየ አንደኛው ይቀመጣል። ኢንጂነር አላስፈለገም።

«ታዲያ መቆንጠጫው እያለ ስካነሩ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«መቆንጠጫው ቦታው ላይ ከሌለ መጠየቅ ይመጣላ!» አለኝ።

ይሄኔ በሽታው ገባኝ። ይሉኝታ ነው።

ነገሩን ላብራራው። 38 ቁጥር መቆንጠጫ ከሰሌዳው ላይ ከሌለ፣ ሜዳው መሐል ቆመህ በእንግሊዝኛ «38 ማን ጋ ነው?» ብለህ መጮህ አለብህ። ጡረታ የወጡ 12 ፈረንጆች ባንዴ ዞር ብለው ያዩሃል። አንዱ «ምን አልክ?» ይልሃል። ትደግማለህ። ሁለተኛው «ከየት አገር ነህ?» ይልሃል። ትነግረዋለህ። ሦስተኛው በወጣትነቱ አስመራ የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር፣ ቃኘው ጣቢያ፣ የነበረ ወንድም አለው። እስክትላቀቁ ነፋሱ ይነሳል፤ የዚያ ቀን በረራም አበቃ። ወዳጄ ይህን ሁሉ ከሚቀበል 130 ዶላር መክፈል ቀለለው።

ደግሞ አልፈርድበትም። በጆሮ መሣሪያ ላይ ያለው እምነት ከአባቱ የወረሰው ነው። አባቱ ማታ ማታ መስኮቱን ዘግተው፣ ድምፁን ቀንሰው፣ ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጥፈው መርፌዋን በጣታቸው ጫፍ ይገፏት ነበር። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 ተከተለ። ጣቢያዋ በፉጨትና በጫጫታ መሐል ብቅ ስትል ቤተሰቡ ትንፋሹን ይውጣል። መናገር ዋጋ በሚያስከፍልበት ዘመን ያደገ ሰው፣ ማዳመጥ እንጂ መጠየቅ ከየት ይለምዳል? ጠይቆ ከማወቅ ሰምቶ ማወቅ ይሻላል ተብሎ ነው ያደገው።

በደወለልኝ ጊዜ እንደ ደንቡ ስካነሩ ከተገዛ ሳምንት ሆኖታል። «ና እስቲ እየው» አለኝ፤ ሄድኩ።

ሳጥኑ ሲያምር! ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ 500 ቻናል ያስታውሳል። ከፈተው። የእሳት አደጋ መኪና ሲጠራ ሰማን። ባቡር ነጂ ሲያወራ ሰማን። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ ፓይለት ከማማው ጋር ሲነጋገር ቁልጭ ብሎ ተሰማ። ወዳጄ በኩራት ፈገግ አለ። ከዚያ 72.550 ብሎ ጻፈበት። ሳጥኑ እምቢ አለ። ደግሞ ጻፈ። ደግሞ እምቢ አለ።

ማብራሪያውን አነበብኩለት። ሳጥኑ ከ25 እስከ 54 ሜጋኸርዝ ይሰማል፤ ከዚያ ይዘልና 108 ላይ ያርፋል። በመሐሉ ያለውን ሁሉ አያውቀውም። እውነተኛውን አውሮፕላን ይሰማል፤ የወዳጄን አይሰማም።

ይህ የእሱ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ብዙ ርካሽ የእጅ ስካነር እንዲህ ነው የሚሠራው። ከ54 እስከ 88 ያለው ሰፈር በአሜሪካ የቴሌቪዥን ነው፤ ከቻናል 2 እስከ 6። ከ88 እስከ 108 የኤፍኤም ሬዲዮ ነው። ቴሌቪዥን በስካነር የሚያዳምጥ ስለሌለ አምራቾቹ ሰፈሩን በሙሉ ይዘሉታል። የሪሞት አብራሪዎች ደግሞ በቴሌቪዥን ቻናል 4 እና 5 መሐል በተረፈችው ከ72 እስከ 76 ባለች ቀዳዳ ነው የተሸጎጡት። እሷም የእነሱ ብቻ አይደለችም። በየቻናሎቹ ክፍተት ሌሎች ባለፈቃዶች ያስተላልፋሉ፤ 75 ላይ ለእውነተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ምልክት የሚሰጥ ጣቢያ አለ።

የሚገርመው፣ ያው ሳጥን እንግሊዝ አገር ቢሆን ጌታ ነበር። እዚያ የሞዴል አውሮፕላን 35፣ የመኪናና የጀልባው 40 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ ሁለቱንም ይሰማል።

«ለወንድሜ አዲስ አበባ ልላክለት?» አለ።

«የሬዲዮ መሣሪያ ያለ ፈቃድ ቦሌ ይዞ መግባት ጣጣ አለው፤ ወንድምህን ከወደድከው ሸሚዝ ላክለት» አልኩት። እዚህም ቢሆን ሕግ አለው፤ እንደ ኒው ዮርክ ባሉ ግዛቶች ስካነር በመኪና ይዞ መንቀሳቀስ የተገደበ ነው። ሳጥኑ ተመለሰ። ማጓጓዣውን ከፋዩ ወዳጄ ነው።

ሁለተኛውን ሲመርጥ ግን ልብ ገዛ። ከ72 እስከ 76 ያለውን የሚሸፍን፣ ጠባብ ኤፍኤም የሚያዳምጥ፣ በ5 ወይም በ10 ኪሎኸርዝ የሚራመድ። እርምጃው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ12.5 ብቻ የሚራመድ ስካነር ብዙዎቹን ቻናሎች ዳር ዳራቸውን ነክቶ ያልፋቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ሄድን። ወዳጄ ሪሞቱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ሳያወጣ፣ በጨዋ ደንብ፣ መጀመሪያ ስካነሩን ከፈተ። 38 ላይ «ዝዝዝዝ» አለ። የአሮጌ ሪሞት ድምፅ ይህ ነው፤ በሴኮንድ ወደ 50 ጊዜ ትእዛዝ ስለሚልክ ለጆሮ ጉርምርምታ ይሆናል።

«ተይዟል» አለኝ በሹክሹክታ።

ሰሌዳውን አየሁ። 38 ቁጥር መቆንጠጫ ቦታዋ ላይ ናት።

«መቆንጠጫዋ እኮ አለች» አልኩት።

«ስለዚህ አንዱ ሌባ ሳይጠይቅ ከፍቷል ማለት ነው!»

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የምርመራ ሥራ ነበር። ስካነር እንደ ዘበኛ ነው፤ ግቢ ውስጥ ሰው መግባቱን ይነግርሃል፣ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ጭራሽ ሪሞት የያዘ ሰው ሦስት ሜትር ላይ ካለፈ ይደነግጥና ሌባ በሌለበት ቻናል ሁሉ ሌባ አለ ይላል። 37ም አለ፣ 39ም አለ፣ 44ም አለ። የርካሹም የውዱም ጠባይ ነው፤ ኃይለኛ ምልክት ከቅርብ ሲመጣበት ጆሮው ይደነቁራል። መፍትሔው አንቴናውን መንቀል ወይም ራቅ ማለት ነው። ወዳጄ ራቅ እንዳይል መርማሪ ሆኗል።

ጥርጣሬው ያረፈው ታጣፊ ወንበር ላይ በተቀመጡ አንድ አዛውንት ላይ ነበር። ረጅም አንቴና አላቸው። መቆንጠጫቸው በኮታቸው ተሸፍኗል። «እኚህ ናቸው። ዓይናቸውን እየው፣ የጥፋተኛ ዓይን ነው» አለኝ በአማርኛ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ሰላም አሉት። «አየህ? ሲሸነግሉ!»

ስካነሩን ይዞ ዞረ። ወደ አዛውንቱ ሲጠጋ ጉርምርምታው ደከመ። ወደ ሰሌዳው ሲሄድ ያው ነው። ወደ መኪና ማቆሚያው ሲጠጋ ግን ሳጥኑ አበደ። በመኪኖቹ መሐል እየተሹለከለከ ሄደ ሄደና አንድ ግራጫ ቶዮታ ኋላ ቆመ። የራሱ ቶዮታ ነው። የዕቃ መጫኛውን ከፈተው። የመሣሪያ ሣጥኑ ዘንበል ብሎ የሪሞቱን ማብሪያ ገፍቶታል፤ ቀይ መብራቱ ቦግ ብሏል፤ ባትሪው ትኩስ ዳቦ መስሏል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት አባቶች 130 ዶላር አላወጡም።

ሳቄን ዋጥኩ፤ ወዳጅ ነውና። አዛውንቱ ግን ነገሩን ከሩቅ ሲከታተሉ ቆይተው ኖሮ በዝግታ መጡ። «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉት። ወዳጄ ማምለጫ ስላጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ ቁጥር ወጣ። «38 ነኝ» አለ።

«ኧረ! እኔ እኮ 15 ነኝ» አሉ አዛውንቱ፤ ፊታቸው ኮስተር አለ። «እኔና አንተ አብረን መብረር የለብንም።»

ይህን ስካነር አይናገርም። በ15 እና በ38 መሐል 23 ቻናል አለ። 23ን በ20 ኪሎኸርዝ ብታባዙት 460 ይሆናል። አውሮፕላኑ ላይ ሆነው የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበሉት ርካሾቹ የድሮ ሪሲቨሮች ደግሞ የተቀበሉትን ሞገድ ውስጣቸው ወደ 455 ኪሎኸርዝ አውርደው ነው የሚሠሩበት። ስለዚህ 23 ቻናል የሚራራቁ ሁለት ሪሞቶች ጎን ለጎን ሲከፈቱ ልዩነታቸው 455 አጠገብ ያርፍና፣ በሌላ ቻናል ላይ በሰላም የሚበር የሦስተኛ ሰው አውሮፕላን ይናጋል። ሁለቱ ሕጋዊ ናቸው፣ መቆንጠጫቸውን አንስተዋል፣ ስካነሩም «ሁሉም በየቻናሉ ነው» ይላል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ እዚህስ ዝሆኖቹ መጣላታቸውንም አያውቁም። አዛውንቱ ይህን የሚያውቁት በአንድ የክለብ ጓደኛቸው አውሮፕላን ስብርባሪ ነው፤ አፋቸውን ከፍተው ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ነገሩን። ነፋሱ ተነሳ።

ተራ ገቡ። አሁን ቅዳሜ አዛውንቱ ቀድመው ያበርራሉ፣ ወዳጄ ይከተላል። ስካነሩ የመኪናው ኪስ ውስጥ ነው፤ ሲደክመው ባቡር ያዳምጥበታል።

ይህን ሁሉ የሚያዩ ወጣቶች ይስቁብናል። የእነሱ ሪሞት 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ አንቴናው ከጣት አይረዝምም፣ ሰሌዳ አያውቅም፣ መቆንጠጫ አያውቅም። በ2005 እና በ2006 ስፔክትረም የተባለው ብራንድ በዚህ ሞገድ የሚሠሩ ሁለት ሪሞቶች ካወጣ ወዲህ 72 ቀስ በቀስ ሽማግሌ ሆነ። የዛሬዎቹ ሪሞቶች ከሪሲቨራቸው ጋር በመለያ ኮድ ይተሳሰራሉ፤ ብዙዎቹም ከአንድ ሞገድ ወደ ሌላ እየዘለሉ ያወራሉ፤ ሌላው ቢረብሻቸው ዘለው ያመልጡታል። በሞገድ መዝለል ሐሳብ የሆሊውድ ተዋናይቷ ሄዲ ላማርና ሙዚቀኛው ጆርጅ አንታይል በ1942 የፓተንት መብት አግኝተውበታል፤ የታሰበው ለቶርፔዶ ነበር፣ የሞገዱ ቁጥርም እንደ ፒያኖ ቁልፍ 88። የውቧ ሴት ሐሳብ ዛሬ የልጆች መጫወቻ ውስጥ ይዘልላል። ተራው ስካነር እዚያ ከፍታ አይደርስም፤ ቢደርስም የሚዘልለውን አሳድዶ አይዘልቀውም።

ለነገሩ ከሁላችንም የተመቸው ኒኮላ ቴስላ ነው። በ1898 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሲነዳ፣ ቻናል ተይዟል አልተያዘም ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። ሪሞት የያዘው እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» ለምትሉኝ፣ ገዝታችሁም ቢሆን ፍርዴ ይኸው። ሪሞታችሁ 2.4 ጊጋኸርዝ ከሆነ ስካነር አያስፈልጋችሁም፤ በገንዘቡ ጥሩ ባትሪ ግዙ። 72 ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ከ72 እስከ 76 መሸፈኑን ማብራሪያው ላይ በዓይናችሁ አንብቡ፤ ሻጩ «ሁሉን ይሰማል» ቢላችሁ አትመኑት። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚወድ ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩ ይረክሳል። ለቴሌቪዥን ማያ ተብለው የተሠሩና ከ2012 ወዲህ ጎበዞች ወደ ሬዲዮ መቀበያነት የቀየሯቸው ትንንሽ የዩኤስቢ ዕቃዎች አሉ፤ ባሉበት ሆነው ቻናሎቹን በሙሉ ስክሪን ላይ ያሳያሉ፣ ዋጋቸውም ከስካነሩ ብዙ ያንሳል። የወዳጄ ልጅ አንድ አለው። አባቱ ሦስተኛ ሳጥን ሳያዝዝ በፊት ቢያሳየው ደግ ነበር፤ ዘግይቷል።

ከሁሉም በፊት ግን ሜዳው ላይ ስትደርሱ፣ እንግሊዝኛችሁ ቢሰበርም ባይሰበርም፣ ቁጥራችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ሪሞቱን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። እኛ ሜዳ የምትመጡ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት 15 እና 38 ተይዘዋል።